ከሙሌ የተረከብኩት የቸኮሌት ሥራ

ሥራ የጀመርኩት ቡታጅራ፣ ከእናቴ ቤት ጎን በተሠራችው ትንሽ ኩሽና ውስጥ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጥቶ ዩኒቨርሲቲ እንደማያስገባኝ ካወቅሁ ሁለት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሙሉጌታ፣ ሁላችንም ሙሌ የምንለው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብርድ ልብሴን ገፈፈና «ተነሥ፤ እጅህን እስከ ክርንህ ታጠብ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ታጥቤ ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ የግማሽ ጡብ ያህል ውፍረት ያለው ጥቁር ቸኮሌት፣ ሰፊ ቢላዋ፣ ሚዛን፣ የብረት ጎድጓዳ ሳህንና የእንጨት ማንኪያ ተደርድሯል። ሙሌ ነጭ የሼፍ ልብሱን ለብሷል። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል የኬክ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ዕቃ አጣቢ ሆኖ ገባ፣ ረዳት ሆነ፣ በመጨረሻ ምክትል ሼፍ ነበር። እናታችን ወገቧን ታማ ብቻዋን መኖር ሲያቅታት ሥራውን ትቶ መጣ።

«ትራፍል ይባላል» አለኝ። «ውስጡ ለስላሳ፣ ላዩ የካካዎ ዱቄት የለበሰ ድቡልቡል ቸኮሌት ነው። አንድ ጉርሻ።»

እናታችን ከደጅ ሰምታ «ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጠህ የተማርከው አንድ ጉርሻ መሥራት ነው?» አለችው።

«አዎ እማዬ» አላት፤ «ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልማር ነው የጠራሽኝ።»

የመጀመሪያ ሥራዬ ቸኮሌት መክተፍ ነበር። የክብሪት ጭንቅላት እስኪያክል ድረስ። እኔ ስከትፍ ቸኮሌቱ ጣቴ ላይ ይቀልጣል። ሙሌ አየኝና መዳፌን ያዘ። «እጅህ ምድጃ ነው» አለ። «የእማዬን እጅ ነው የወረስከው።» የእሱ እጅ ክረምት ከበጋ ቀዝቃዛ ነበር። ለእኔ ቀዝቃዛ ውኃ በሳህን አቀረበልኝና፣ እየነከርኩና በንጹሕ ፎጣ እያደረቅሁ እንድሠራ አሳየኝ። እርጥብ እጅ ቸኮሌት አይነካም። አንዲት ጠብታ ውኃ የቀለጠ ቸኮሌትን እንደ አሸዋ ታደርገዋለች። ይህን በመጀመሪያው ቀን በራሴ እጅ አበላሽቼ ተማርኩት።

አሠራሩ ይህ ነው። ሁለት እጅ ቸኮሌት፣ አንድ እጅ ክሬም፣ በሚዛን። ክሬሙ እሳት ላይ ዳር ዳሩ ፈላ ፈላ ማለት ሲጀምር ይወርዳል፤ ከገነፈለ ዘግይተሃል። የተከተፈው ቸኮሌት ላይ ይፈስና ሳይነካ ይቆያል። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ስጠይቀው «አቡነ ዘበሰማያትን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለህ» አለኝ። ከዚያ ከመሐል ጀምሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማማሰል ነው። ሲያንጸባርቅ ለጋ ቅቤ ይገባል። ቅባቱ ተለይቶ ከወጣ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ይመልሰዋል።

ከዚያ ትሪ ላይ ይፈሳል፤ ሲረጋ ይቆረሳል፣ ይድቦለቦላል፣ ዱቄት ለብሶ እዚያው ትሪ ላይ ያድራል። ትሪው ላይ ኮባ፣ የእንሰት ቅጠል፣ እናነጥፋለን። ከኩሽናው የኋላ በር ስትወጣ ሙሌ ተማሪ ሳለ የተከላቸው እንሰቶች ነበሩ። በጠዋት ሄዶ ቅጠል ይቆርጣል፣ ከሰል ላይ ለብለብ ያደርገዋል፣ በጨርቅ ይጠርግና ያነጥፋል። ከላይም በሌላ ኮባ ይሸፍነዋል። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ሆቴል ቤት የመጋገሪያ ወረቀት ነበረን» አለ። «እዚህ ወረቀት የለም። ያለን ኮባ ነው።»

ይህን ቃሉን እንዳለ ያዝኩት። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሰሚራ መጣች። የጎረቤት ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ሥራ ትፈልግ ነበር። ካርቶን በማጠፍ ጀመረች። አንድ ቀን ሙሌ መዳፏን ነካና ወዲያው ድቡልቡል አድራጊ አደረጋት። እጇ እንደ እሱ ቀዝቃዛ ነበር። ክሬም ስትገለብጥ ደግሞ «እኔ በእናንተ ጸሎት አልቆጥርም» አለችው።

«በራስሽ ቁጠሪያ።»

ሞከረች። ፋቲሐ ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ተብሎ፣ ልክ ያው ሆነ። ሙሌ ሰዓቱን አይቶ «በይ፣ ተስማምተናል» አላት። እስከ ዛሬ እሷ በእሷ፣ እኔ በእኔ እንቆጥራለን።

ጣዕሞቹ አንድ በአንድ ነው የመጡት። በመጀመሪያ ቡናና ማር ብቻ ነበሩ። ቡናው ከክሬሙ ጋር ይሞቅና ይጠለላል። ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ በስኳር የተቀቀለ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል፣ ቀጥሎ ኮረሪማ በማር። ኦቾሎኒ የለበሰ፣ ሰሊጥ የለበሰ፣ ኮኮናት የለበሰ። አንድ የገበያ ቀን ሙሌ የማረቆ በርበሬ ገዝቶ መጣ። ሰሚራ «ሙሌ፣ አብደሃል?» አለችው። በጣም ትንሽ፣ በቢላ ጫፍ፣ ከጥቁር ቸኮሌት ጋር አደረገው። ስትበላው መጀመሪያ ምንም የለም፤ ከዋጥክ በኋላ ጉሮሮህ ሥር ይሞቃል። የወልቂጤ ካፌዎች በጣም የሚወዱት እሱን ነው። እኔ ግን እንደ እሱ አድርጌ መሥራት አልቻልኩም። ወይ አይሰማም፣ ወይ ያስለቅሳል።

የሠራሁት ትልቁ ስሕተት የመስቀል ሰሞን ነበር። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ትራፍል የምናቀዘቅዘው ጨለም ባለችው ቀዝቃዛ ክፍል ነው። የዚያን ቀን ግን ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ስለነበር ክፍሉ በፍራሽ ሞላ። ሙሌም ወልቂጤ ሄዷል። እኔ ሁለቱን ትሪ ይዤ የእናቴ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩ። እንዲገቡልኝ ከላይ የነበረውን ኮባ አነሣሁት። እናቴ ለክትፎው ያነጠረችውን ቅቤ፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ያለበትን፣ እዚያው ክዳን በሌለው ሳህን አስቀምጣ ነበር።

በማግስቱ ሙሌ አንዱን አነሣና አፍንጫው ጋ አደረገው። ፊቱ ተለወጠ። «ታምራት» አለኝ። ሲቆጣ ነው በሙሉ ስሜ የሚጠራኝ፤ ሌላ ጊዜ ታሜ ነኝ። «ይኼ ክትፎ ነው።»

ሁለት ትሪ ሙሉ ቸኮሌት ክትፎ ክትፎ ይሸት ነበር። ለደንበኛ የሚሰጥ አልነበረም። ሙሌ ተቀመጠ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ትሪውን ይዞ ዘመዶቻችን ወደተሰበሰቡበት ገባ። ከአዲስ አበባ የመጣው አጎታችን ስድስት በላና «እንዲህ ነው እንጂ ቸኮሌት!» አለ። «የከተማው ቅቤ የለውም።»

ማታ ዕቃ ስናጥብ ሙሌ እንዲህ አለኝ። «ቅባት ሽታ ይሰርቃል። ቸኮሌት ቅባት ነው። አጠገቡ ያስቀመጥከውን ሁሉ ይወስዳል። ይህን ከረሳህ ይህን ሥራ ተው።» አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት፣ ቅቤና ሳሙና ካለበት ክፍል ትራፍል አስገብቼ አላውቅም። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ሌላ ነበር።

እትዬ ዘሃራ የመጡት በሦስተኛው ዓመት ነው። ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ትልቋን ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። ገና ከበሩ «አሰላሙ ዓለይኩም፤ ቸኮሌት የሚያንከባልለው ልጅ የታል?» አሉ። ሙሌ ወጣ። እትዬ ዘሃራ ኩሽናውን እንደ ጨርቅ ነው ያዩት፤ ነካ፣ ገልበጥ፣ ወደ ብርሃን ጠጋ እያደረጉ።

«መጠጥ ታደርግበታለህ?»

ሙሌ ከሆቴል ቤት ያመጣው አንድ ጠርሙስ ሩም የሚባል መጠጥ ነበረው። «ለአንዱ ዓይነት ብቻ» አላቸው። «የእርስዎ ላይ አይገባም።»

«ማንኪያውስ? ለእሱ ሌላ ማንኪያ አለህ?»

ሙሌ የእንጨት ማንኪያውን አየ። አንድ ነበር። በማግስቱ ጠርሙሱን ጎረቤታችን ላለው ግሮሰሪ ሰጠ፣ የእንጨት ማንኪያውን ምድጃ ውስጥ ከተተና አዲስ ገዛ። ከዚያ ወዲህ እኛ ኩሽና መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ለጾም የሚሠራውም እንደዚሁ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ማንኪያ፣ የራሱ ትሪ ተመደበለት፤ ሰማያዊ ክር ታስሮበት። የጾሙ ክሬምም ቅቤም የለውም። በክሬሙ ፈንታ ወፍራም ትኩስ ቡና፣ በቅቤው ፈንታ የተፈጨ ኦቾሎኒ ነው። ሙሌ የቸኮሌቱን መጠቅለያ ሳያነብ ለጾም አይከትፍም፤ አንዳንዱ ጥቁር መስሎ ወተት አለበት።

የዚያች ልጅ ኒካህ ላይ የሙሌ ትራፍል ተበላ። እትዬ ዘሃራ ከዚያ ወዲያ በየዒዱ ያዙን ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው «የሙሌ» ነው የሚሉት። ቸኮሌት አይሉም።

ሙሌ የሞተው በአምስተኛው ዓመት ነው። ጉበቱን ታሞ አንድ ወር ተኛ። ስለዚያ ወር ብዙ መጻፍ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በመጨረሻ ሰሞን እጁን ስይዘው ሞቆ ነበር። እጁ ሞቆ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከአርባው በኋላ ሥራውን ልተወው አስቤ ነበር። ሰሚራ ግን አንድ ጠዋት መጥታ ቸኮሌት መክተፍ ጀመረች። እኔም ክሬሙን ጣድኩ።

ስንጀምር ኩሽናውን አስተካከልኩት። አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ጥቅል የመጋገሪያ ወረቀት ገዛሁ። ሙሌ ራሱ ወረቀት ስለሌለ ነው ብሎኝ የለ? አሁን አለ። ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ ከሰል ማቀጣጠል የለበትም። ለሰው የነገርኩት ምክንያት ይህ ነው፤ ሐሰት አይደለም። ሌላው ምክንያት ግን የእንሰቱ ቦታ ነበር። ሙሌ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቁጢጥ ብሎ ቅጠል ለብለብ የሚያደርግባት ድንጋይ ነበረችው። ድንጋይዋን ማየት አልቻልኩም። የኋላውን በር ዘግቼ የስኳር ጆንያ አስደገፍኩበት። ጆንያው ሲያልቅ ሌላ ጆንያ እተካለሁ።

አንድ ዓመት እንዲህ ሠራን። ሥራው አልከፋም። ትራፍሉ ድቡልቡል ነው፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ አይሰነጠቅም። አንዳንድ ደንበኛ ግን ቀመስ አድርጎ «ጥሩ ነው» ይለኛል። ሙሌ በነበረ ጊዜ «ጥሩ ነው» የሚል አልነበረም። አፋቸውን እንደሞሉ ሁለተኛውን ያነሡ ነበር።

እትዬ ዘሃራ ሁለተኛዋን ልጃቸውን ሊድሩ መጡ። ሦስት መቶ ትራፍል አሉኝ፤ ሁለት መቶው በቅቤ፣ መቶው የጾም፤ ኒካሁ የገና ጾም ከገባ በኋላ ስለሚውል ለክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው። አንድ የማርና ኮረሪማ አቀረብኩላቸው። ነከሱት። አኘኩት። የቀረውን ግማሽ ወደ ሳህኑ መለሱት።

«ታሜ፣ ልጄ፣ አትቀየመኝ» አሉ። «ይኼ የሙሌ አይደለም።»

«አሠራሩ ያው ነው እትዬ። ሚዛኑም ያው ነው።»

«ሚዛኑን አላውቅም። የሙሌን ካርቶን ስከፍት የሚሸተኝ ነገር ነበር። እንዴት ልበልህ፣ እርጥብ ነገር። የቤት ነገር። ወላሂ፣ ለታላቋ የሆነው ለታናሿ ካልሆነ ታኮርፈኛለች። ታላቋ በልታ ያወራችላት እሱን ነው።» ተነሡ። «እስከ ሐሙስ ሞክር። ካልሆነ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?»

የዚያን ቀን ቅዳሜ ነበር። አምስት ቀን አለኝ ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ቢያስመጡ ሥራው አይዘጋም፤ ሌላ ደንበኛ አለ። ያስፈራኝ እሱ አልነበረም። የሙሌ ትራፍል አሁን የትም የለም ማለት ይሆናል። እኔ እያለሁ፣ በእሱ ኩሽና፣ በእሱ ሚዛን። እሱን ነው መሸከም ያቃተኝ።

እሑድ ማሩን ለወጥኩ። ሙሌ ይገዛበት ከነበረው ሰውዬ ነጭ ማር አመጣሁ። ሰሚራ ቀመሰችና ራሷን ነቀነቀች። ሰኞ ቅቤውን ለወጥኩ። ኮረሪማውን አበዛሁ፤ ቀነስኩ። ክሬሙን ከሌላ ቤት ገዛሁ። የሙሌን አሮጌ ድስት ከሣጥን አወጣሁ።

«ድስቱ ምን ያደርጋል?» አለች ሰሚራ።

«አላውቅም።»

«ኧረ ባክህ ታሜ፣ ቀጥሎ የሙሌን ጋውን ልትቀቅል ነው።»

ሳቅን።

ማክሰኞ ወልቂጤ የማደርሰው ሁለት ካርቶን ነበረኝ። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ለካፌው አስረከብኩ። ሰሚራ የሠራችው የበርበሬ ትራፍል አራት ፍሬ ተርፎ እጄ ላይ ነበር። ራበኝ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክትፎ ቤት ገባሁ። ቦታ ስላልነበረ ከበሩ አጠገብ፣ የምትሠራዋ ሴት ከተቀመጠችበት ከሰል ምድጃ ጎን አስቀመጡኝ።

ሴትዮዋ ኮባ አነሣች። ከሰሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈችው። ቅጠሉ ጨሰ፣ ተለሳለሰ፣ አብለጨለጨ። ሽታው መጣ።

ተነሥቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ ለራሴም ወዲያው አልገባኝም። የኩሽናችን ጠዋት ነበር። ሙሌ በኋላ በር ሲገባ ይዞት የሚመጣው ሽታ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ወንድሜ፣ ኮባ አይተህ አታውቅም? ከየት ነህ?»

«ከቡታጅራ።»

«እናንተ ጋ ኮባ ጠፋ እንዴ?» አጠገቧ የነበሩት ሳቁ።

«ትንሽ ቁራጭ ትሰጪኛለሽ?»

«ክትፎውን ትተህ ቅጠሉን ልትበላ ነው?»

እየሳቀች ለብለብ ካደረገችው ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቀድዳ ሰጠችኝ። ቅጠሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ ትራፍል መሐሉ ላይ አድርጌ ጠቀለልኩት። ክትፎው እንዳይሸትበት ከጥቅሉ ርቆ እንዲቀርብልኝ ለምኜ፣ ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ በላሁ። ቀስ ብዬ በላሁ። እንደጨረስኩ ፈታሁት። አሸተትኩት። ደካማ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ግን ነበር። ቅባት ሽታ ይሰርቃል። ሙሌ ራሱ ነግሮኛል። እኔ መጥፎ ሽታ ብቻ የሚሰርቅ መስሎኝ ነበር።

ትራፍሉን ለሴትዮዋ ሰጠኋት። በርበሬው ሲደርስባት ዓይኗን አፍጥጣ «ይኼ ምን ጉድ ነው?» አለች። ሌላም ጨመርኩላት። የክትፎውን ሒሳብ ሰጥቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ቤት ስደርስ ሰሚራ ካርቶን ታጥፋለች። «ጆንያውን እንጎትተው» አልኳት።

«የቱን?»

በሩን አሳየኋት። በአንዱ ጫፍ እሷ፣ በሌላው እኔ ጎተትነው። በሩ ዝናብ ጠጥቶ አብጦ ስለነበር በትከሻዬ ገፋሁት።

እንሰቶቹ በአንድ ዓመት አድገው መተላለፊያውን ሞልተውታል። ድንጋይዋ ሣር ውስጥ ነበረች። የሙሌ የቅጠል ቢላዋ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የተጠመጠመበት፣ አጥሩ እንጨት ላይ እንደተሰካ ዝጓል። ማንም አልነካውም። እናቴ ወገቧን ይዛ ከኋላችን መጣች። ቢላዋውን ነቅላ ድንጋይዋ ላይ ምራቅ እንትፍ አለችና መሳል ጀመረች። ድንጋይዋን በዚያ ዓይነት አይቻት አላውቅም ነበር። መሳያም ናት ለካ።

«የታችኛውን አትቁረጥ፤ አርጅቷል» አለችኝ እናቴ። «ከመሐል ሁለተኛውን። አከርካሪውን አውጣው። እሳት ላይ አታቁመው፤ አሳልፈው። መልኩ ሲያበራ በቃው።»

«እማዬ፣ ጣዕሙ የኮባው መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«የምን ጣዕም? እኔ ስኳር ከተከለከልኩ ስንት ዓመቴ! ቸኮሌታችሁን የት ቀምሼ አውቃለሁ?»

ሰሚራን አየኋት። ቅጠሉን በጨርቅ እየጠረገች ነበር። «እኔ ሽታው መጥፋቱን አውቄ ነበር» አለች። «የሙሌ ሽታ ነው ብዬ ነው። እሱ ስለሌለ መስሎኝ ነበር።»

ሙሌ ራሱ ያውቅ እንደነበረም አላውቅም። ወረቀት ስለሌለ ነው ብሎ ነበር፤ ምናልባት እሱም የሚያውቀው ያን ብቻ ነው። ሥራው ግን በእጁ ላይ እንዲህ ሆኖ ቆመ፣ ሰውም እንዲህ አድርጎ ወደደው።

ያን ዕለት ከሰዓት ሁለት ትሪ አነጠፍኩ። አንዱ በኮባ፣ አንዱ በወረቀት። ከአንድ ድስት የወጣ፣ አንድ ማር፣ አንድ ኮረሪማ። ቀዝቃዛዋ ክፍል አሳደርናቸው። ረቡዕ ጠዋት ሰሚራ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ቀመሰች። ከወረቀቱ ስሰጣት «ጥሩ ነው» አለች። ከኮባው ስሰጣት ምንም አላለችም፤ እጇን ዘረጋች፣ ሌላ ስጠኝ ማለት ነው።

ሐሙስ ካርቶኑን ይዤ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ ጨርቅ እያማረጠች ስለነበር ቆሜ ጠበቅሁ። ደንበኛዋ ስትወጣ ካርቶኑን ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ አላነሡም። ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ አንድ አነሡ፣ በሉ። ሁለተኛውን አነሡ። በአፋቸው ሳለ «ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«ከጓሮ።»

«ነፍሱን ይማረው» አሉ። መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን። ወዲያው ደግሞ ወደ ነጋዴነታቸው ተመለሱ። «ሦስት መቶ አላልኩህም? አራት መቶ አድርገው። የሙሽራው ወገን ብዙ ነው፣ ደግሞ ይበላሉ።»

አራት መቶውን በሦስት ቀን ሠራን። መቶው በሰማያዊ ክር ትሪ፣ በቡናና በኦቾሎኒ። የጾሙንም በኮባ አሳደርነው። ዕለቱ ደርሶ በባጃጅ ስናጓጉዝ ሰሚራ ካርቶኖቹን እንደ ሕፃን ታቅፋ ለሹፌሩ «ጉድጓድ ከገባህ አለቅህም» ትለው ነበር። ኒካሁ ላይ ታናሿ ሙሽራ አንድ ጎረሰችና ታላቅ እኅቷን በክርኗ ጎሸመቻት። ሩቅ ስለነበርኩ ያለቻትን አልሰማሁም። ሁለቱም ሳቁ።

አሁን በዚህ ሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። እንሰት ሦስት ጨምሬ ተክያለሁ። ጠዋት ድንጋይዋ ላይ እኔ እቀመጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ደስ ይለኛል፤ ይህን እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። የበርበሬው አሁንም አይሆንልኝም፤ ሰሚራ ከእኔ ትሻላለችና ለእሷ ትቼዋለሁ። ከእምድብርም ከወልቂጤም ሥራውን ልማር የሚል ሰው ሲመጣ አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ቀን እጁን ነው የምነካው። ሙቅ ከሆነ የቀዝቃዛ ውኃውን ሳህን አቀርብለታለሁ።

የተረፈውን ጥቅል ወረቀት አልጣልኩትም። ካርቶን ውስጥ ለንብብር እንጠቀምበታለን፤ ለዚያ ጥሩ ነው።

ከሌላ ሰው እጅ ሥራ የምትረከቡ ሁሉ፦ የቸገረው ሰው ዘዴ የመሰላችሁን ነገር ከማስወገዳችሁ በፊት በሁለቱም መንገድ አንድ አንድ ትሪ ሠርታችሁ ቅመሱ። የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ ዓመት በወረቀት ላይ ሠራሁ፤ ኮባው ከበሩ ኋላ ነበር።